በበረኪና የታጠበ ብረት

መካኒኳ የትነበርሽ ከትንሿ አውሮፕላን ሆድ ሥር ተንበርክካ ጎማውን የሚሸከመውን የግራ እግር መመርመሪያ ቀይ ፈሳሽ ቀባችው። ጥቂት ቆይታ በጨርቅ ወለወለችውና ነጭ ዱቄት ነፋችበት። ብረቱ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ብቅ አለች።

«ምን አገኘሽ?» አለ አብራሪው ደመቀ።

«ስንጥቅ።»

«አንቺ ደግሞ መፈለግ ከጀመርሽ የማታገኚው የለም!» ብሎ ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

አውሮፕላኗ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አምቡላንስ ናት። ዛሬ ከአዘዞ ተነሥታ ሕመምተኛዋን ልጅ ሰኪናን አዲስ አበባ ማድረስ ነበረባት። ሐኪሞቹ የልብ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች አትተርፍም ብለዋል። ልጅቷ ሜዳው ዳር በቆመው መኪና ውስጥ ተኝታለች፤ አባቷ በድሩ በሩን ተደግፎ ወደ እነሱ ያያል።

የትነበርሽ ቀለሙን በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ተልጦ ወደቀ። ከሥሩ ብረቱ ብል የበላው እንጨት መስሏል። ጭቃ ብቻውን በአንድ ክረምት እንዲህ አያደርግም።

«አያ ስማቸው፣ ይህን በምንድን ነው የሚያጥቡት?» አለች ዘበኛውን።

«በበረኪና ነዋ! ከደጋው ማረፊያ ይዛው የምትመጣው ጭቃ በሳሙና አልለቅ ቢለኝ። አየሽ እንዴት ሸጋ አድርጌ እንዳነጣሁት? ልጆቼ እንኳ እንዲህ አልታጠቡ!»

የትነበርሽ ክረምቱን ሙሉ እግሩ ሲያበራ እያየች «እጅዎ ይባረክ» ስትላቸው ነበር የከረመችው፤ በምን እንደሚያጥቡት አንድም ቀን አልጠየቀችም።

በድሩ መጣ። «እኅቴ፣ ምነው? ልጄ እየደከመችብኝ ነው።»

«አውሮፕላኗ አትነሣም። ስታርፍ እግሯ ሊሰበር ይችላል።»

«ሊሰበር ይችላል ነው ወይስ ይሰበራል?»

«አላውቅም። ሳላውቅ ግን ሰው አልጭንባትም።»

«ሌላዋ ነገ ትደርሳለች» አለ ደመቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነገ!» በድሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ማነው ያበላሸብን?»

አያ ስማቸው ብሩሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

«ዝናብና ጭቃ ነው» አለች የትነበርሽ።

በድሩ ነገን ሳይጠብቅ ልጁን ይዞ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ።

በማግሥቱ ተተኪዋ አውሮፕላን እስከ ሆዷ ጭቃ ለብሳ አረፈች። ሞተሩ ሳይበርድ አያ ስማቸው ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ገሠገሡ። የትነበርሽ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ይደርቅብኛል!» አሉ። ወዲያው ግን ፊቷን አዩት። «ያቺ ልጅስ? በደኅና ደረሰች?»

«ደጀን ሳይደርሱ ሞተች።»

«ወይኔ!» አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «የዚህ ጭቃ ነገር! እኔስ የቻልኩትን ያህል አጥቤ ነበር።»

«ጭቃው አይደለም፣ አያ ስማቸው። ትናንት ዋሽቼ ነው። ብረቱን የበላው በረኪናው ነው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። የትነበርሽ ደግማ ነገረቻቸው። ጀሪካኑን አስቀምጠው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምነው» አሉ ቀና ብለው ሳያይዋት፣ «ምነው ቀድመሽ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»