የሽባባው ደመወዝ

ዘመኑ የደርግ ነው። የግብር ሠራተኛው ዳንግላ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እኛን ባለጋሪዎችን ሰብስቦ፣ «ለሥራችሁ ያወጣችሁት ወጪ ከገቢያችሁ ይቀነሳል፤ ግብር የምትከፍሉት በተረፈው ነው» አለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አበረ ከኋላ ቆሞ ስለነበር ባለጋሪው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እንጀራም አይገባበትም። እኔ ልክየለሽ እጄን አነሣሁ።

«የፈረሱ ገብስ ይቀነሳል?»

«ይቀነሳል።»

«የነጂው ደመወዝስ?»

«እሱም።»

ባለቤቴ ደርበው ወገቡን ስለሚያመው ጋሪያችንን የሚነዳው ሽባባው ነበር፤ ከእንጅባራ በኩል የመጣ ጎበዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደመወዙን የሚቀበል። ያን ዓመት የተጣለብን ግብር ፈረሱን የሚያሸጥ ነበር። ገብሱንና ደመወዙን ሳስመዘግብ ግብሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ቤቴ ገብቼ እልል አልሁ።

በማግስቱ አበረ ጠመንጃ ያዦች አስከትሎ መጣ።

«ጓድ ደርበው፣ ቅጥር ሠራተኛ አለህ አሉ። የሰው ጉልበት ትበዘብዛለህ?»

«ሕጉ ነው የፈቀደ!» አልሁት። በጥፊ ብሎ ከበሩ መቃን ጋር አጋጨኝ።

ሽባባውን ግቢው መካከል አቁመው አለንጋ አስጨበጡት።

«በዝባዥህን ግረፈው!»

«አልገርፍም። ጋሼ ደርበው ምንም አልበደሉኝ።»

ጀርባውን በሰደፍ አሉት። ተንበረከከ።

«ግረፈው!»

«አልገርፍም!»

ክንዱን ሲመቱት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሰደፉ ወደ ራሱ ሲነሣ ደርበው ጮኸ።

«ተውት! ቅጥሬ አይደለም! ደመወዝ ከፍዬው አላውቅም። ግብር ላጭበረብር ነው በውሸት ያስጻፍሁት!»

ሽባባው «ጋሼ!» ሲል ደርበው በአገውኛ ዝም በል አለው።

አበረ ፈገግ አለ። ቅጥር ካለው በዝባዥ፣ ከሌለው የሕዝብ ሌባ፤ የቱንም ቢመልስ ዱላ አይቀርለትም። ሽባባውን ትተው ደርበውን ያዙት። በአለንጋ ጀመሩ፣ በሰደፍ ቀጠሉ፣ በከስክስ ጫማ ጨረሱ። ሁለት ሆነው ይዘውኝ ነበር፤ የአንደኛውን እጅ እስከ አጥንቱ ነከስሁት፣ እስካሁንም ደስ ይለኛል። ደርበው ደም እየተፋ እንኳ «ሌባ ነኝ» ማለቱን አልተወም። ከተወ ወደ ሽባባው እንደሚመለሱ ያውቃል። ፈረሳችንን ነድተው ሲሄዱ የደርበው ነፍስ ገና ነበረች፤ ሲመሽ ሞተ።

ቀብሩ ላይ አበረ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ «ከሕዝብ የሰረቀ መጨረሻው ይኸው ነው» ብሎ ተናገረ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ሽባባው የተሰበረ ክንዱን በነጠላ አስሮ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሌባ አልነበሩም!» ብሎ ጮኸ። «ቅጥራቸው ነበርሁ! አንድ ቅዳሜ እንኳ ደመወዜን አስቀርተውብኝ አያውቁም!»

አጎቱ ዘሎ አፉን አፈነው። አበረ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ባሌ የሞተለትን ልጅ በባሌ መቃብር ላይ ሊገድልብኝ ነው። ለቀስተኛውን ገፍትሬ ሄጄ ከአፈሙዙ ፊት ቆምሁ።

«ደመወዙን የምሰጠው እኔ ነበርሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዚህ እጄ። ያስመዘገብሁትም እኔ ነኝ። በዝባዥ ከፈለግህ ይኸው፤ ደርበው ግን ሌባ አይደለም።»