ፍሬም የገባው ሰማያዊ ፎቶ

ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር። ውሸት ሲጋለጥ ይገላገሉታል፤ እሷ ግን ለአባቷ ያሳየችው እውነተኛ ፎቶ ነው፤ ያውም ከገዛ ቆሽቱ የተቆረጠ ሥጋ ፎቶ። አሁን ፍሬም ገብቶ፣ ሳሎን ውስጥ እሷ ከምትቀመጥበት ወንበር ትይዩ ተሰቅሎ አፍጥጦ ያያታል።

አባቷ ዕድሜውን የአውቶቡስ መሪ እንደጨበጠ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ቆሽቱ ላይ የበቀለውን ካንሰር ሐኪሞች ቆርጠው ሲያወጡለት፣ ከእንግዲህ የማምነው ልጄን ብቻ ነው፣ እሷ ራሷ ትየው ብሎ ድርቅ አለ። ልጁ የቆሽት ካንሰር በሚጠናበት ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው። ሐኪሙም አለቃዋም ፈቀዱ።

ሥራዋን ያስረዳችው በሾፌር ቋንቋ ነበር። ሰውነት ውስጥ ኬሞካይን የሚባሉ ጠሪዎች አሉ፤ እንደ አውቶቡስ ረዳት "ጉበት! ጉበት!" እያሉ ይጣራሉ። ጥሪውን የሚሰማው ግን ተቀባይ የሚባል ጆሮ ያለው ሴል ብቻ ነው። የካንሰር ሴል ይህን ጆሮ ካበቀለ፣ ደም ላይ ተሳፍሮ ወደ ጉበት ሊሄድ ይችላል። እሷ ከሥጋው ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ ለጥፋ፣ ጆሮውን ፈልጎ የሚይዝ ፈሳሽ ትጨምርበታለች። ጆሮ ካለ ቡናማ ይሆናል፤ ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል።

የአባቷ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ።

በሙያው ደንብ ከዚያው ሥጋ ሁለተኛ መስታወት ይዘጋጃል፤ እሱ ላይ ያ ፈሳሽ ሆን ተብሎ አይጨመርም። ስለዚህ ጆሮ ኖረም አልኖረም ሰማያዊ ነው፤ ጥቅሙ የመጀመሪያው ቡናማ የስህተት አለመሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ያን ቀን ቤት ስትገባ አባትና እናት አፍ አፏን ያዩ ጀመር። እናቷ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ ዞሮ አያውቅም። ልጅቷ ሁለቱንም መስታወት በስልኳ አንስታ ነበር፤ ጣቷ ቡናማውን አልፎ ሰማያዊው ላይ ቆመ።

"ይሄ ያንተ ነው፣ አባዬ" አለች።

እውነቷን ነው። እናቷ ያን ሌሊት አንኮራፋች። አባቷ በነጋታው ፎቶውን አሳጥቦ ፍሬም አስገባው።

ነገር የተበላሸው ሐኪሙ መድኃኒት ቶሎ እንጀምር ሲል ነው። ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ የቀረች ሴል ብትኖር እግሯን ሳታነሳ እንያዛት አለ። ሽማግሌው አሻፈረኝ አለ። ጆሮ የሌለው ተሳፋሪ የት ይሄዳል ብሎ ሳቀ፤ ፀጉሬን በከንቱ አላረግፍም አለ። ልጅቷም ብትለምነው፣ አንቺው ራስሽ አሳይተሽኝ እያለ ወደ ግድግዳው ይጠቁማል። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ፎቶውን ያስጎበኛል። ቤቱ ጠበባት። ብትናገር የእናቷን እንቅልፍ ልትቀማ፣ ዝም ብትል አባቷን ልትቀብር ሆነ፤ ወዲያ ገደል፣ ወዲህ ገደል። ፈራች፤ ራሷንም ጠላች።

እናቷ ጎረቤት ብቅ ባለችበት አንድ ከሰዓት፣ ፍሬሙን አውርዳ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ፈሳሹ ያልነካው መስታወት መሆኑን፣ ሰማያዊነቱ ስለ በሽታው አንዳች እንደማይናገር፣ ፈሳሹ የነካው ግን ቡናማ መሆኑን ነገረችው። ቡናማ ማለት ካንሰሩ ጉበት ደርሷል ማለት እንዳልሆነ፣ ጥሪውን ሊሰማ ይችላል ማለት ብቻ እንደሆነም ልታስረዳ ስትሞክር እንባዋ ቀደማት።

አባቷ ቡናማውን አሳዪኝ አላት። ስልኩን ወደ መስኮቱ ይዞ አየ፤ ደግሞ አየ፤ መለሰላት።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለ። "ይሄን ግን አጥፊው።"

ተነስቶ ፍሬሙን ራሱ መልሶ ሰቀለው፤ እንዳይንጋደድም በጣቱ አቃናው።

"እናትሽ የምትተኛው እሱን አምና ነው። አንቺ ጀመርሽው፣ አንቺው ትዘልቂበታለሽ።"

ማታ ራት ላይ እናቷ ተገረመች። እንዲያ እምቢ ያለ ሰው ምን ተገኝቶ እሺ አለ? አባትየው ልጄ መከረችኝ አለ፤ ጎማ ሳይፈነዳም መለዋወጫ ይያዛል ብላኝ ነው አለ። እናት ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ልጇ ዞረች።

"ፎቶው ግን ያው ነው አይደል? የሱ ነው አይደል?"

"የሱ ነው፣ እማዬ።"

"እሷ እንደሆነች አትዋሽም" አለ አባቷ፣ ቀና ሳይል ዳቦውን እየቆረሰ።