የእማማ የትምወርቅ የውሃ ተራ

ሳህሉ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነበር። ሰው ቤት ርቦት እየገባ «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል፣ ጫማ እየጠበበው ሻጩን ላለማስቀየም «ልክ ነው» ብሎ የሚገዛ። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው ይባላል። ይባል እንጂ፣ የዚያን ዓመት ሁለት አሮጊቶችን ያጣላው እሱ ነው።

አገር ቤት ሐምሌ ሲባል ጭቃ ነው፤ ሳህሉ የተሰደደባት የፈረንጅ ከተማ ዉድበሪ ግን በዚያ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሐምሌን በአቧራ ተቀበለችው። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ ጠፍቶ፣ ፈረንጆቹ እንደ ልጅ የሚንከባከቡት ሣር ቢጫ ሆነ። ከተማውም ውሃ በተራ አደረገው፤ የቤት ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነ በጎዶሎ ቀን፣ ሙሉ የሆነ በሙሉ ቀን ብቻ ጓሮውን ያጠጣል። ደንቡን ቤት ለቤት ዞሮ መንገር በየመንገዱ ተጠሪ ላይ ወደቀ፤ እነሱ «ብሎክ ካፒቴን» የሚሉት ነው። የዚያ መንገድ ካፒቴን ሳህሉ ነበር። ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ የተሰጠው ቢሆንም፣ የክሊኒክ ሚኒባስ ሲነዳ ለሚውል ስደተኛ ትልቅ ሹመት መስሎት ነበር።

በመንገዱ ላይ ከእሱ ሌላ አንድ የሐበሻ ቤት ብቻ ነበር። የነርሷ የኢየሩሳሌም ቤት ነው። እናቷ እማማ የትምወርቅ አብረዋት ይኖራሉ። ልጅቷ ሥራ ስትውል እሳቸው ከመንገድ በሚታየው ጓሮ ይውላሉ፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ሲመሽ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ዶሪስ፣ ባሏ የሞተባት ፈረንጅ፣ ወንበሯን ይዛ ትመጣለች። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ እስኪጨልም ያወራሉ። ምን እንደሚባባሉ እግዜር ይወቀው፤ ሳቃቸው ግን መንገድ ድረስ ይሰማል። እማማ የትምወርቅ በዚያ አገር ከልጃቸው ሌላ የነበራቸው ሰው ዶሪስ ብቻ ነበረች።

ሳህሉ ደንቡን በአማርኛ አስረዳቸው። «የእርስዎ ቤት ቁጥር ጎዶሎ ነው እማማ። በጎዶሎ ቀን ብቻ ያጠጡ፤ በሙሉ ቀን ቧንቧውን እንዳይነኩት።»

«ጎዶሎ በጎዶሎ» አሉ። «ይኼማ ምን ይከብዳል ልጄ?»

ሳምንት ሳይሞላ፣ በሙሉ ቀን፣ ከሥራ ሲመለስ ቧንቧቸውን ይዘው ጎመናቸውን ሲያጠጡ አየ። ረስተው ይሆናል ብሎ አለፈ። በሌላም ሙሉ ቀን አየ። እንደገናም አየ። ቆም ብሎ «እማማ፣ ዛሬ እኮ ተራዎ አይደለም» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የእናቱን እኩያ በምን አፉ ይገሥጽ? «እንደምን አመሹ» ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ አለፈ።

ይኸው ቢሆን ደግ። አንድ ቀን ከፊት ለፊት የሚኖረው ሰው በደረቀ ሣሩ ላይ ቆሞ፣ እየሳቀ፣ «ለእናንተ ሰዎች ሌላ ደንብ አለ እንዴ ሳህሉ?» አለው። ቀልድ ነበር። ሳህሉ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሐበሻ ሕግ አያከብርም ሊባል ነው፤ ካፒቴኑ ለወገኑ አደላ ሊባል ነው። ለእማማ እንዳይናገር ይሉኝታ፣ ዝም እንዳይል ይሉኝታ። ሲነጋ ወደ ከተማው ቢሮ ደወለና፣ ስሙን ሳይናገር፣ የቤታቸውን ቁጥር ሰጠ። በትሕትና ይነግሯቸዋል፣ እኔም ፊታቸውን አላይም ብሎ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ባለ ዩኒፎርም ሰው መኪናውን ደጃቸው አቁሞ ወረደ። ቧንቧውን ከእጃቸው ተቀብሎ ዘጋና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ነገራቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያያል። አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ ውርደቱ ግን ገብቷቸዋል።

ሳህሉ ማታ ሊያጽናና ሄደ። ኢየሩሳሌም በር ላይ ተቀበለችው። «ደብል ሺፍት ላይ ነበርኩ እኮ። ማን ኮል እንዳደረገባቸው እንኳ አላወቅንም» አለችው። እናቷ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንግዳ ቤት እንዳለ ሰው፣ ቁጭ ብለዋል።

«በዚያ በደርግ ዘመን እንኳ ደጄ ላይ ባለ ዩኒፎርም አልቆመም!» አሉ። «ደግሞ ምን አጠፋሁ? አንተ ያልከኝን አንድም ቀን አላፈረስኩም። በአቦ አጠጣሁ፣ በሥላሴ አጠጣሁ። በሚካኤል ቅጠሉ ሲጠወልግ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ዋልኩ። ዛሬ ገብርኤል ነው፤ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ ጎዶሎ አይደለም?»

ሳህሉ በልቡ ቆጠረ፤ አቦ አምስት፣ ሥላሴ ሰባት፣ ሚካኤል አሥራ ሁለት። በፈረንጅ ግን ዛሬ ሃያ ስድስት ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ሰባት ቀን ሲሆን የአንዱ ጎዶሎ ለሌላው ሙሉ ነው። አሮጊቷ በደንቡ ሲገዙ ነው የከረሙት፤ በማን ቀን እንደሚቆጠር ያልነገራቸው እሱ ነው። 

አቆጣጠሩን አስረዳቸው። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔ ደንቆሮ! ለካስ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ግን ዶሪስ… ከትናንት ወዲያ ቧንቧውን እያሳየች ጣቷን ስትነቀንቅብኝ ነበር። ምነው ለልጄ ብትነግራት? ስንት ማታ አብሬያት ተቀምጬ ለመንግሥት ትከሰኝ?»

«እኔ ነኝ የደወልኩት» የሚለው እስከ ምላሱ መጣ። ኢየሩሳሌም ሻይ ይዛ ገባች። ሳህሉ ሻዩን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ እማማ የትምወርቅ ቧንቧውን በተራቸውም አልነካ አሉ፤ ጎመኑ ተቃጠለ፣ በሶብላው ጭድ ሆነ። ዶሪስ ወንበሯን ይዛ ስትመጣ መጋረጃ ይዘጋል። ከጓሮዋ የቆረጠችውን ዝኩኒ ደጃፋቸው ብታስቀምጥ እዚያው ሟሸሸ። አንድ ቀን ሳህሉን መንገድ ላይ አቁማ፣ «ያስቀየምኳት ነገር አለ?» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሙቀቱ ነው፤ ትንሽ አሟቸው ነው» አላት። አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል፤ ሳህሉ ቤት ወሊዱ በዝቷል።

የፍልሰታ ዋዜማ እማማ የትምወርቅ ነጭ ነጠላ ለብሰው በሩን አንኳኩ።

«ነገ ጾም ይገባል» አሉት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ከዶሪስ አስታርቀኝ። ቋንቋዋን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ኢየሩሳሌምስ?» አለ፣ መሸሻ ፍለጋ።

«አስታራቂ የውጭ ሰው ነው የሚሆነው፤ ልጅ ለእናቷ ታደላለች።»

ሄዱ። ዶሪስ በሩን ከፍታ ስታያቸው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማማ የትምወርቅ ጉልበቷን ሊይዙ ጎንበስ አሉ፤ ደንግጣ አነሣቻቸው።

«ንገርልኝ» አሉ፤ «ከሰሽኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። እኔም ቂም ይዤብሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ በልልኝ።»

ሳህሉ በእንግሊዝኛ፣ «አሟቸው ነበር፤ ስለጠፉ ይቅርታ ይጠይቃሉ» አለ።

«እፎይ!» አለች ዶሪስ። «እኔ እኮ በዚያ ቀን ቧንቧውን እያሳየሁ ጣቴን ስነቀንቅባት የከፋት መስሎኝ ነበር። ቀኑ አለመሆኑን ልነግራት ፈልጌ ነው፤ አንዱ ክፉ ሰው አይቶ ሳይደውልባት። ንገራት እባክህ።»

ሁለቱም ሳህሉን ያዩታል። እውነቱ ተሰናድቶ አፉ ውስጥ ተቀምጦለታል፤ እንዳለችው መድገም ብቻ ነው።

«ምን አለች?» አሉ እማማ።

«ይቅር በዪኝ ትላለች» አለ ሳህሉ።

እማማ የትምወርቅ አቀፏት። ተላቀሱ። ዶሪስ ለምን እንደምታለቅስ ሳታውቅ፣ ላልሠራችው በደል ይቅር ተባለች። በመሐላቸው የቆመው ሳህሉ የሚገባበት ጉድጓድ አጣ።

ሲመለሱ እማማ የትምወርቅ ክንዱን ይዘው ነበር የሚራመዱት። ደጃቸው ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተንም ሳላውቅ ያስቀየምኩህ ካለ ይቅር በለኝ ልጄ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን እማማ።»

እንደ ወጉ ቀጥሎ «እኔንም ይቅር ይበሉኝ» ማለት የእሱ ነው። እማማ የትምወርቅም ፊቱን ቀና ብለው እያዩ ጠበቁት። ሳህሉ እጁን ዘርግቶ በሩን ከፈተላቸው።

«አይ፣ አንተማ ምን በድለህ!» አሉና ሳቁ። «የአስታራቂን ዋጋ አያሳጣህ።» ሊስሙትም ተንጠራሩ።

ሳህሉ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሰጣቸው።