በገዛ መሬቴ ላይ

1.

ንቦቹ አለቁ።

2.

እትዬ ተናኜ ከባሕር ዳር ወጣ ባለች መንደር ማር ሸጠው የሚያድሩ ባልቴት ናቸው። ሞላልኝ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤታቸው ነው። ዘንድሮ ጤፉን ትቶ ማሳውን በሙሉ ጫት አደረገው። ተባይ ሲገባበት መድኃኒት ረጨ። የረጨው ረፋድ ላይ ነበር፤ በማሳው ዳር መጭ አብቦ፣ ንቦቹ ለቀሰም በወጡበት ሰዓት።

3.

ይህ ቁራጭ ማን በመሬቱ ላይ ምን ይትከል ስለሚለው ሕግ ነው።

 

 

(የለም።)

4.

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የተባለውን እንዳለ ላስቀምጠው።

ሽማግሌ፦ ረጭተሃል?

ሞላልኝ፦ ረጭቻለሁ። በገዛ መሬቴ ላይ።

ሽማግሌ፦ የሰው ንብ ፈጀህ እኮ!

ሞላልኝ፦ እኔ ጋ ኑ ብዬ አልጠራኋቸውም።

(ሰው ሳቀ።)

ሽማግሌ፦ እንግዲህ በይዞታው አዛዡ እሱ ነው። ምን ይሉናል፣ ተናኜ?

ተናኜ፦ እውነቱን ነው። ንብ ድንበር አያውቅም።

5.

ረታ።

6.

ማታ ለሚስቱ ለአስናቁ ነገራት።

«ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

እንጀራውን ቆረሰ።

«አራስ ሳለሁ ማር ይዘው የመጡት እኮ እሳቸው ናቸው» አለች። እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ቢረግሙት በቀለለው። እሳቸው ግን በነጋ ቁጥር ከአጥር ማዶ «እንደምን አደርክ ልጄ» ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

7.

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ያማረ የይቅርታ ንግግር ጽፌለት ነበር። ሰረዝኩት። እሱ ያሰበው አጭር ነው፦ በአጥሩ በኩል ያለውን ጫት እነቅላለሁ፤ ከእንግዲህ ረፋድ ላይ አልረጭም፤ ቀፎ ከነንቡ ገዝቼ እተካልዎታለሁ።

8.

ሰኞ በማለዳ ሄደ። እትዬ ተናኜ ጓሮ ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ። ቀፎዎቹ የነበሩበት ቦታ ተመንጥሯል። ከጎናቸው የጫት ችግኝ ተከምሯል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት...»

«እሰይ፣ እንኳን መጣህ!» ቀና አሉ። «ከማር ጋር ተለያይቻለሁ። በስተርጅና እንደገና ንብ ከየት አምጥቼ? ይልቅ ያንን መድኃኒት እንዴት ነው የምትረጨው? እስቲ አሳየኝ።»

«እዚህ... እዚህ ሊረጩ ነው?»

«በገዛ መሬቴ ላይ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?»

ሞላልኝ ከእሳቸው አጥር ወዲያ አየ። እዚያ የሚኖሩት አባ እንግዳ ከቀፎዎቻቸው መሐል ቆመው እጃቸውን አነሱለት።

«ምን ትላለህ ልጄ?» አሉ እትዬ ተናኜ።

9.

ሞላልኝ፦