ሚስቴ፣ መነጽሩና መርፌዬ

ዓይኔ እያየ አለፉ። የደንበኛ አንገት ላይ መቀስ ይዤ እንደቆምኩ በሱቄ መስታወት በኩል አየኋቸው። «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባት ነጭ መኪና፣ መሪው ላይ ሚስቴ፣ አጠገቧ ያ መነጽራም። ሚስቴ ትስቃለች። ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሷ ሁሉ ወጥቶ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የምትስቀው። መኪና የሚነዳ ሰው ፊት ለፊቱን ያያል እንጂ ምን ያስቀዋል? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ ስቄ አላውቅም።

«ጌታው፣ ጆሮዬን!» አለ ደንበኛዬ።

«አልነካሁህም።»

«ልትነካኝ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ልነካው ነበር።

መነጽራሙን ሰፈሩ በሙሉ «መነጽሩ» ነው የሚለው። መኪና መንዳት ያስተምራል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጆቹ አድገው ወጥተውለታል። ጫማው ሁልጊዜ ያብለጨልጫል፣ ጥቁር መነጽሩን ዝናብ እየዘነበ እንኳ አያወልቅም፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ባለቤቴ በስተርጅና መንዳት እማራለሁ ብላ ባትነሳ ይህ ሁሉ ምን አገባኝ? «ለምንድን ነው?» ስላት «ለራሴ» አለችኝ። ለራሷ! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የነዳሁት ለማን ኖሯል?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ እንዲሁ ያበድኩ ይመስላችኋል።

ዓምና ወገቤን አመመኝ። ፀጉር አስተካካይ ቆሞ ነው የሚውለው፣ ወገቡን ቢያመው ማን ይገረማል? ቅባት እየታሸሁ፣ በቀበቶ ጠፍሬ እያሰርኩ ስሠራ ከረምኩ። በኋላ ሽንት እምቢ ሲለኝ ሆስፒታል ሄድኩ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፣ እሱም ተነስቶ የወገብና የዳሌ አጥንትህ ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። «ነቅለን የምንጥልበት ጊዜ አልፏል፤ አስተኝተን ማቆየት ግን እንችላለን» አለችኝ። የሚያስተኛው መርፌ ነው፤ በየሦስት ወሩ ሆድ ላይ ይወጋል። በሽታው የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ስለሆነ መርፌው ምግቡን ይከለክለዋል።

ከለከለው። ሕመሙ ረገብ አለ፣ ሽንቴም ተመለሰ። ግን የተከለከለው እሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም… መቼስ ገብቷችኋል። ፍላጎት የሚባል ነገር ድርግም ብሎ ጠፋ። ክንዴ ዛለ፣ ደረቴ እንደ ኮረዳ አበጠ። ቆሜ ስሠራ ድንገት ሙቀት ከእግሬ ተነስቶ አናቴ ላይ ይወጣና በላብ ያጠምቀኛል። እቤት የመጀመሪያ ቀን ሲነሳብኝ ሚስቴ አይታ፣ «እሰይ! እኔ የጨረስኩትን አንተ ጀመርከው!» ብላ በሰሃን ታራግብልኝ ጀመር። እኔም ሳቅኩ። ስንተኛ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው የምተኛው።

ባለፈው ቀጠሮ ሚስቴን መጠበቂያው ክፍል ትቼ ብቻዬን ገባሁና፣ «መርፌውን ባቆመውስ?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት።

አልደነገጠችም። «ማቆም መብትዎ ነው» አለች። «ያ ነገር ከወራት በኋላ ሊመለስልዎት ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ግን በሽታው አጥንት ውስጥ ስላለ አልመክርዎትም። ሕመሙ ይመለሳል፣ አከርካሪዎን ከተጫነው እግርዎን ሊይዝዎት ይችላል። ወይ ደግሞ በመርፌው ላይ ኬሞ እንጨምር፤ ዕድሜ ሊጨምር ይችላል፣ ግን ያደክማል፣ ጣትም ያደነዝዛል።»

«ባቆመው ስንት ጊዜ እኖራለሁ?»

«ይህን ያህል ብዬ አልዋሽዎትም። የቱ ኑሮ እንደሚሻልዎት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ከባለቤትዎ ጋር ይማከሩ።»

ኬሞውን እዚያው እምቢ አልኩ፤ በደነዘዘ ጣት የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ አይያዝም። መርፌውን ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ከባለቤቴ ጋርማ ምን ብዬ ነው የምማከረው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ብዙም ሳይቆይ እሷ መንዳት ጀመረች፣ መነጽሩም መጣ። ያን ጊዜ ወሰንኩ። አቆመዋለሁ። ዕድሜዬ ያሻውን ያህል ይጠር፣ ወንድ ሆኜ ኖሬ ወንድ ሆኜ እሞታለሁ።

የሚገርመው ደግሞ ይኼ ነው፤ መርፌው ሁሉን ነገር ሲያስተኛ ቅናቴን ጫፉን አልነካውም። እንዲያውም ባሰበት። የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ሳለ ሌላ ሰው ገበታውን አየብኝ ብሎ የሚቆጣ ሰው ምን ይባላል? እኔ ያ ሰውዬ ነኝ።

እና ያን ዕለት፣ እየሳቀች ካለፈች በኋላ፣ ከሰዓት መነጽሩ ራሱ ሱቄ ገባ። የመርፌ ቀጠሮዬ በማግስቱ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ጢሜን ያነሱልኛል?»

ጋሼ! ቢበዛ በአራት ዓመት ብበልጠው ነው። እኔን «እርስዎ»፣ ሚስቴን «አንቺ»። በመኪናው መስኮት «ያዢ! ፍሬን ያዢ እንጂ!» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ደስ አለኝ። አረፋ ቀባሁት፣ ምላጬን አወጣሁ፣ ራሱን ወደ ኋላ ሳስደግፈው ጉሮሮውን ዘረጋልኝ። አምላክ ጠላትን በእጅ ሲጥል እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

«ተማሪህስ እንዴት ናት?» አልኩት ምላጩን ጉንጩ ላይ ሳብ እያደረግኩ።

«የትኛዋ?»

«የትኛዋ ይለኛል እንዴ! ሚስቴ ናታ!»

«እሷማ ጉድ ናት! ስንቱን ሳስተምር እንደሷ ያለ አላየሁም። ሌላ መንገድ አታሳየኝ ትላለች። ከእናንተ በር እስከ ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ እስከ እናንተ በር፤ እሱን ብቻ ስንመላለስ ነው የምንውለው። ጉብታ ላይ ስትደርስ እንቁላል የጫነች ነው የምትመስለው። ከኋላ ጡሩምባ ይነፉባታል፣ መስሚያዋ ጥጥ ነው። ዛሬ እዚህ ሱቅዎ ጋ ያለውን ጉብታ ሳንናወጥ ስንወርደው በሳቅ ልትሞት! ‹አሁን ወገቡን አይነካውም፣ አይደል?› አለችኝ።»

እጄ ቀጥ አለ። «የማን ወገብ?»

«የእርስዎ ነዋ። ነግራኛለች። አይዞዎት፣ ከእኔ አያልፍም። እኔም ባለቤቴን በዚያው መንገድ ነበር የማመላልሳት።»

ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንጀቱ ይራራል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ነገረችው! ወንድሜ የማያውቀውን፣ ደንበኞቼ የማያውቁትን ለመነጽሩ ነገረችው! ሌላስ ምን ብላዋለች? ስለ አልጋው ጠርዝስ? ይህን ሳስብ ያ የተረገመ ሙቀት ከእግሬ ተነሳ። ላቤ ግንባሩ ላይ ጠብ ሲል ዓይኑን ገለጠ።

«ጋሼ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!» ብሎ ዘሎ ተነሳና በገዛ ወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ። ምላጩን ከእጄ ወሰደ። ጋዜጣ አንስቶ፣ ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ያራግብልኝ ጀመር። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ አሉ! በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል። ካንሰሩ ሲነገረኝ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም።

ጢሙን ጨርሼለት፣ ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ ቤት ሄድኩ። ሚስቴ ዕቃ ታጥባለች።

«ለምን ነገርሽው?»

«ለማን?»

«ለማን ትላለች ደግሞ!»

«ኧረ ቀስ! ለምን ጉብታ ላይ ቀስ እንደምል ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ምን ልበለው ታዲያ?»

«ባሌን በመርፌ አኮላሽተውት ነው ብለሽ ነገርሽው?»

ሰሃኑን አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«ሰምተሻል። ግድ የለም፣ ነገ ያበቃል። መርፌውን አቆመዋለሁ። እንደ ድሮዬ ወንድ ስሆን ማን ከማን ጋር እንደሚስቅ እናያለን።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ስታቆመው ምን ይመጣል አለችህ ሐኪሟ?» አለች በቀስታ።

ብቻዬን ገብቼ የሰማሁትን ሁሉ በንዴት ዘረገፍኩላት፤ አጥንቱን፣ ሕመሙን፣ እግሬን። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለማን ነው ወንድ የምትሆነው?» አለች። «ለእኔ ነው ወይስ ለመነጽሩ?»

ለአንቺ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ይህን ያህል ጊዜ ሳስብ አንዴም የእሷ ፊት አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ የእሱ ነው።

«ጎድሎኛል፣ አልዋሽህም» አለች። «ግን አንተ እንደምታስበው አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስትዳብስ ትውላለህ፤ የመንገደኛውን፣ የሰካራሙን፣ የመነጽሩን ሳይቀር። የእኔን ከነካህ ስንት ጊዜህ ነው? የምትቀናው አንተ ብቻ ይመስልሃል? በሱቅህ በር ሳልፍ ወንበርህ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠውን ሁሉ ጎትቼ ባወርደው ደስ ይለኛል።»

«የማልጨርሰውን ለምን ልጀምር ብዬ ነው።»

«ጨርስ ያለህ ማን ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነው የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፤ ብቻ ፀጉሯ ውስጥ ሳላውቀው የበቀለ ብዙ ሽበት አገኘሁ።

በማግስቱ በታክሲ ሄድን፤ እኔ ወገቤን ካመመኝ ወዲህ መሪ አልይዝም፣ የእሷ መንጃ ፈቃድም ገና ነው። መጠበቂያ ክፍል አልቀመጥም ብላ አብራኝ ገባች። መርፌውን ውሰድም ተውም አላለችኝም። «ሰውነቱ ያንተ ነው» ብላ ዘግታዋለች።

«እሺ፣ ምን ወሰኑ?» አለች ሐኪሟ።

ሚስቴን አየኋት። ቦርሳዋን ታቅፋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። አሳዘነችኝ። ልቤ ቅቤ ሆነና ትልቅ ሰው ልሁን አልኩ።

«ስሚ» አልኳት። «ብወጋም ባልወጋም አንድ ቀን መሄዴ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ብቻሽን እንዳትቀሪ። ደህና ሰው ካገኘሽ አግቢ።»

ሴት እንዲህ ስትባል ምን እንደምትል ይታወቃል። አፍህን ቁረጠው ትላለች፣ ታለቅሳለች። እሱን ስጠብቅ፣

«እሺ» አለች።

«ምን?»

«እሺ አልኩህ። አግቢ ካልከኝ አገባለሁ።»

ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ አቀረቀረች።

«ማንን?» አልኩ።

«ያኔ ይታያላ።»

ይታያል! አስባበታለች ማለት ነው! ትልቅ ሰውነቴ እዚያው ወንበር ላይ ቀረ። አልሰጣትም። ለመነጽሩም፣ ለሌላም፣ ለማንም። ወንድ ልሁን አልሁን፣ በላብ ልታጠብ፣ ክንዴ ይዛል፣ አንድም ቀን ቢሆን ከእኔ ጋር ትቆያለች። ሸሚዜን ከሱሪዬ መዥርጬ አወጣሁት።

«ዶክተር፣ መርፌውን ያምጡልኝ። ቶሎ ይበሉ።»

«ወስነዋል ማለት ነው?»

«ሆዴ ይኸውልዎት!»

መርፌው ወፍራም ነው፤ ሲገባ ያማል። የሚስቴን እጅ ጨመቅኩ። በሳቅ ትንፈራፈራለች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን ትከሻዬ ላይ ቀበረችው። ሸሚዜ ሲረጥብ ተሰማኝ።

«ገና ነው የማገባው» አለችኝ ቀና ሳትል። «አትቸኩል።»

«አልቸኩልም» አልኳት።