ነጥቧ ያመጣችው ጣጣ

ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ አንድ አባት የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ልጁ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፕሮግራመር ናትና «በይ እንግዲህ፣ አደራሽን» ብሎ ላከላት።

የማተሚያ ቤቱ ዋና አዘጋጅ አየውና «ጥሩ ነው፤ ብቻ «ዓ.ም» የሚለው ሁሉ «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ይዘርዘር» አላት።

ለእሷ ይህ ውሃ እንደ መጠጣት ነው። ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚወጣውን ቃል $አሮጌ፣ የሚገባውን $አዲስ በተባሉ ተለዋዋጮች ውስጥ አስቀመጠችና «አሮጌውን ሁሉ በአዲሱ ተካ» ለማለት እንዲህ ብላ አዘዘች፦

s/$አሮጌ/$አዲስ/g

ዐይኗን ሳታሽ አለቀ። መለስ ብላ እንኳ ሳታየው ለአባቷ ሰደደችለት።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ፤ አባቷ ነው።

«እናትሽን ምን አደረግሻት?»

ክው አለች። «ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ! «ዓመተ ምሕረትን ሳገባ ኪሴ ባዶ ነበር» ይላል እዚህ!»

እናቷን ሰፈርተኛው ሁሉ «ዓለም» እያለ ነው የሚጠራት። ልጅቱ ፋይሉን ስትከፍት የዓለም ጦርነትም የዓመተ ምሕረት ጦርነት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ፐርል ሲፈልግ ነጥብን እንደ ነጥብ አያያትም፤ «እዚህ የፈለገው አንድ ፊደል ይግባ» ማለት ናት። ተለዋዋጭ ውስጥ መቀመጧም ጠባይዋን አይለውጠውም። በ«ዓ» እና በ«ም» መሃል «ለ» ሲያገኝ ዓለምን ጠራርጎ ወሰደ። መልሳ እንዳትተካው ደግሞ እውነተኛዎቹ ዓመተ ምሕረቶች አብረው ዓለም ሊሆኑ ነው። በቀድሞው ፋይል ላይ ደግሞ አዲሱን ደርባበታለች።

«አባዬ፣ የላክህልኝ አንተ ጋ አለ?»

«ምን ቆርጦኝ አጠፋዋለሁ!»

እፎይ አለች። እንደገና ሲላክላት ትእዛዙን አረመችው፦

s/\Q$አሮጌ\E/$አዲስ/g

በ\Q እና በ\E መሃል የገባ ነጥብ ተራ ነጥብ ነው። $አዲስን አልነካችውም፤ በመተኪያው በኩል ነጥብ ቢኖርም ጣጣ የለውም። በዚህኛው ግን አልቸኮለችም፤ ገጽ በገጽ አንብባ ነው የላከችው።

ማታ እናቷ ደወለች። «ያቺን የሠርጋችን ገጽ ላይ ያለችዋን «ዓመተ ምሕረት» እንዳለች ተያት። ስንቱን ምሬዋለሁ፤ ስሙ ሲያንሰኝ ነው።»

«መጽሐፉ የኔ ነው!» አለ አባት ከጀርባዋ።

ልጅቱ ከባልና ሚስት መሃል መግባት ስላልፈለገች ፍርዱን ለዋና አዘጋጁ ተወችው። እሱም በማግስቱ «ዓለም ትሁን» አለ። እናት እስከ ራት ድረስ አኮረፈች።