የላሜራው ክዳን

መጋረጃው የተቃጠለ ዕለት አባ ብልጭ ጓሮ ነበር፤ የሰው በር ማጠፊያ ይበይዳል። ቡታጋዙ ላይ ሾርባ ጥዶ መውጣቱን ጭራሽ ረስቶታል። ሽታው ሲመጣ እንኳ «ኤሌክትሮዱ ነው» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ዕድሜውን ሙሉ የተቃጠለ ነገር ሲያሸት የኖረ አፍንጫ ጭስን እንደ እንግዳ አይቆጥረውም።

ቤቱን ያዳነችው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ናት። እየጮኸች መጥታ በባልዲ ውኃ በመስኮት ደፋችበት። መጋረጃው ነደደ፤ ግድግዳው ጠቆረ። ከሁሉ የተረፈው ሾርባው ነበር፤ እሱም በባልዲው ውኃ ቀጠነ።

አባ ብልጭ ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ከጓሮው ሌት ተቀን ብልጭታ አይጠፋም ብለው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ወሬው ሲደርሳት ባሏን አስከትላ ከች አለች።

«አባዬ፣ በቃ። እኔ ጋ ትመጣለህ።»

«አንቺ ጋ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ልትኖር!»

«መኖሩንማ እዚህም እየኖርኩ ነው።»

የልጅቱ ቤት ከተማው ማዶ፣ ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። አንድ ጊዜ በረንዳው ላይ የጎበጠ ሚስማር ሊያቃና መታ መታ ቢያደርግ፣ ከላይም ከታችም ከጎንም አንገት ብቅ ብቅ አለ። እዚያ ከገባ ጓሮው ቀረ፤ የብየዳ ቤቱ ቀረ። እጁን ኪሱ ከትቶ የሰው ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ነው። አባ ብልጭ እሳት አይፈራም፤ ያንን ሶፋ ግን ይፈራዋል።

ልጅቱ ፊቱን አየችና ትንሽ ለዘብ አለች። የማን ልጅ ሆና፣ ጨርሳ ግን አልለቀቀችም።

«እሺ። ቡታጋዙን እኛ እንወስደዋለን። በምትኩ ማይክሮዌቭ አመጣልሃለሁ። እሑድ ምሳ እንመጣለን። አንተው ራስህ በእሱ የሠራኸውን ትኩስ ምግብ ካበላኸን፣ ቤትህም ሳይቃጠል ከጠበቀን፣ እዚሁ ትኖራለህ። ካልሆነ ሻንጣህን አዘጋጅተህ ጠብቀን።»

በማግስቱ አማቹ ነጩን ሣጥን ታቅፎ፣ እያለከለከ ገባ። ደግ ልጅ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ይቀድመዋል። ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ልጅቱ በሩን ከፍታ ማስረዳት ጀመረች። ብረት አይገባበትም፤ ባዶውን አይሠራም፤ ምግቡ ይከደናል፣ ክዳኑ ግን እንፋሎት መውጫ ይኑረው፤ መሃል ላይ ይማሰላል፤ ሲያበቃ ወዲያው አይበላም።

«አባዬ፣ እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

አልሰማም። የሚያየው የበሩን መቆለፊያ ነበር። የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው፤ ጠቅ ሲል ልብ ያርሳል። ከቃሏ ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረው የእንፋሎት መውጫው ብቻ ነው።

ሲሄዱ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን አድርጎ አስገባ። ሣጥኑ አጉረመረመ፤ መብራቱ በራ፤ ሳህኑ ዞረ። አባ ብልጭ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አየ። እሳት የለም። ከታችም የለም፤ ከላይም የለም። «ታዲያ በምንድን ነው የሚያሞቀው? በምክር ነው?» አለ ለራሱ። ሲያወጣው ሾርባው ዳር ዳሩን ይንተከተካል፤ መሃሉ የጉድጓድ ውኃ ነው። ግማሹ ደግሞ የሣጥኑ ጣሪያ ላይ ተረጭቷል። አብሮ የመጣውን የፕላስቲክ ክዳን አነሣው። ቀላል ነው፤ እፍ ቢሉት ይበራል።

«ክዳን ብሎ ነገር!» ብሎ ወረወረው።

ወደ ብየዳ ቤቱ ገባ። ስስ ላሜራ ቆረጠ፤ ቀጥቅጦ እንደ ቆብ አጎበጠው፤ ጫፉን በሞረድ አለሰለሰ። የእንፋሎቱን ነገር አልረሳምና በመሰርሰሪያ ጥቃቅን ቀዳዳ ዙሪያውን በሳበት። ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቀም። ሲጨርስ ብርሃን ላይ አንሥቶ አየው። ያማረ ክዳን ነበር። እንዲህ ያለውን ክዳን የትም አይሸጡትም፤ የማይሸጡበትም ምክንያት ነበራቸው።

ሾርባውን ከደነበትና በሩን ጠቅ አደረገ።

ብልጭ! ጠሽ! ሰማያዊ ብልጭታ በክዳኑ ዙሪያ ተሯሯጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ያጠፋው ነበር። የአባ ብልጭ እጅ ግን የሄደው ሚስማሩ ላይ ወደ ተንጠለጠለው የብየዳ ጭንብል ነው። አጠለቀው። ከዚያ በርጩማ ሳበና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ደስ አለው። «ቆይ እንጂ» አለ፣ «በስተመጨረሻ እሳቱን አሳየኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ከመስኮቷ አየች። ማሽኗ ቀጥ አለ። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች ገብታ ገመዱን ከሶኬቱ መንጭቃ ነቀለችው።

«አንተ ሰውዬ! ምሳህን ነው ወይስ የግቢ በር ነው የምትበይደው?»

ጭንብሉን ከፍ አድርጎ አያት። «ምን ሆነሻል? ገና አሁን መሥራት ጀመረ እኮ!»

«መሥራት አይደለም፣ ልሞት ነው እያለህ ነው! ብረት አይገባም አላለችህም ልጅህ?»

«ብላለች መሰለኝ።»

«መሰለኝ! ልጅቱ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትናገር እኔ እንኳ ከአጥር ማዶ ሰምቻለሁ።»

ክዳኑን በጨርቅ ይዛ አወጣች። የውስጡ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀርቷል። በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትገው ጥላሸቱ ለቀቀ፤ ቀለሙ አልተላጠም፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ብቻ ቀረች። በሩ ደኅና ይገጥማል፤ ሳህኑ አልተሰነጠቀም። አንድ ኩባያ ውኃ አስገብታ ሞከረችው። ውኃው ሞቀ፤ ብልጭታ የለም።

«ተረፈ» አለች። «እኔም ቤት ስንት ዓመት የሠራ አለ። ጠባዩን ላወቀ ምንም አያደርግም።»

አባ ብልጭ ግን ጭንብሉን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አሁን ነው ነገሩ የገባው። «እሑድ ልጄ ይህችን ነጥብ ካየች አለቀልኝ። ሶፋው ይጠብቀኛል።»

ሴትየዋ አየችው። ከዚህ ሰው ጋር በመዶሻውና በማሽኗ ጩኸት ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ስታስበው ያ ጓሮ ዝም ሲል ታያት፤ አልወደደችውም።

«ተነሥ። አሳይሃለሁ።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ?»

«አንተ ከሄድክ በማን ላይ ልጩህ?»

ሾርባውን አምጥታ በፕላስቲኩ ከደነች። «አየህ፣ ይኸ ነገር አንዴ ጥደህ የምትረሳው አይደለም። ጥቂት ታሞቀዋለህ፤ ታቆማለህ፤ ታማስለዋለህ፤ ደግሞ ጥቂት። በመጨረሻ እንደተከደነ ታስቀምጠዋለህ። ከቆመም በኋላ ሙቀቱ ወደ ውስጥ መሄዱን አይተውም።»

አባ ብልጭ ቀና አለ። «ስስ ላሜራ ነው በይኛ!»

«ምን?»

«ስስ ላሜራ በአንድ ትንፋሽ አይበየድም። ይቀልጣል፤ ይጣመማል። እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ማሳረፍ። ይኸው ነው እኮ! ለምን ከመጀመሪያው እንደሱ አልነገርሽኝም?»

«እኔ ምን ላድርግህ፤ ምግብ መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና። «ድንች ስታስገባ በሹካ ውጋው» ስትለው «ለምን?» አላለም። አፉ የተዘጋ በርሜል ሳይከፍቱ እሳት ማስጠጋት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። እንቁላል ከነቅርፊቱ አይገባም ስትለው «እሱማ ቦምብ ነው» ብሎ ጨረሰላት። ክዳኑን ሲያነሣ ከፊቱ ማዶ ያለውን ጫፍ አስቀድሞ ከፈተ፤ እንፋሎቱ ወደዚያ እንዲሄድ። በቀረው ሳምንት መዶሻው ብዙ አልተሰማም። የሚሰማው የሣጥኑ ጢጥታና «ይረፍ! ይረፍ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ነበር። አንድ ቀን ሩዙ ጠጠር ሆነ፤ አንድ ቀን ካሮቱ እንደ ጫማ ሶል ተለጠጠ። ሲሳካለት በአጥር ላይ ሳህን ያቀብላታል፤ እሷም ጨው ጎደለው ብላ ሳህኑን ጠርጋ ትመልሳለች።

እሑድ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ «ፈተና ላይ ረዳት አይገባም» ብላ ቤቷ ቀረች። መስኮቷን ግን አልዘጋችም።

ልጅቱ ስትገባ መጀመሪያ አየር አሸተተች። ጭስ የለም። አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ድንቹን በሳህኑ ዳር ዳር ክብ አድርጎ ደርድሯል፤ መሃሉን ባዶ ትቶታል። ዓሣውን ወፍራም ወፍራሙን ወደ ውጭ፣ ስሱን ወደ ውስጥ አዙሯል። ሣጥኑ ጢጥ ሲል ልጅቱ እጇን ሰደደች።

«አትንኪው! ይረፍ።»

እጇን ሰበሰበች። አማቹ ምራቁን ዋጠ።

እንደተከደነ ቆይቶ ሲከፈት እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ልጅቱ ሹካዋን ይዛ በቀጥታ ወደ ትልቁ ድንች መሃል ወጋች። ነገር ስትፈልግ እናቷን ትመስላለች። ቀዝቃዛ አላገኘችም። ዓሣውን ከወፍራሙ በኩል ከፈለችው፤ እስከ አጥንቱ በስሏል። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። አማቹ ማንንም አልጠበቀም።

«አባባ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ አፉ ሞልቶ። «እውነቴን ነው፣ እንዲያውም እዚሁ ቢኖሩና እኛ እየመጣን ብንበላ ይሻላል።»

«አንተ ዝም በል፤ ሆድህ ነው የሚናገረው» አለችው ሚስቱ። ግን ፈገግ ብላለች። የአባ ብልጭ ልብ ወደ ቦታዋ መመለስ ጀመረች።

አማቹ ለራሱ ደግሞ ጨመረ። ቀዝቅዞበት ኖሮ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። አባ ብልጭ መጣሉ አሳዝኖት ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የላሜራ ክዳን ያየው ያኔ ነው።

«አባባ፣ ይኼን የሠሩት እርስዎ ነዎት? እንዴት ያምራል!» ብሎ አውርዶ ሳህኑን ከደነበት። ሣጥኑ ውስጥ አስገባው። በሩ ጠቅ አለ። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሄደ።

አባ ብልጭ ዝም ቢል ሣጥኑ ይብለጨለጫል። ቢጮኽ ደግሞ የራሱ ጉድ ይወጣል። የመስኮቱ ማዶ ማሽን ቀጥ ማለቱን ሰማ።

«አቁም!»

አማቹ እጁን እንደተቃጠለ ሰበሰበ።

«ብረት ነው። ብልጭ ይላል።»

ልጅቱ ሹካዋን አስቀመጠች። «ብረት ከሆነ፣ አባዬ፣ ታዲያ የማይክሮዌቭ ክዳን የመሰለ ነገር በላሜራ ለምን ሠራህ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ተነሥታ ክዳኑን ከነሳህኑ አወጣችና አንገቷን ወደ ሣጥኑ አስገባች። ጠባሳዋን አገኘቻት።

«ይኼስ?»

«ገና በመጣ ዕለት ነው» አለ አባ ብልጭ። ዓይኑን ከመሬት አነሣ። «ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም። መቆለፊያውን ሳይ ነበር። ክዳኑን ሠራሁ፤ አስገባሁት፤ ተብለጨለጨ። ከዚያ ወዲህ ግን አልነካሁትም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አማቹ እንኳ ሳህኑን ረሳው።

«ታዲያ ሲብለጨለጭ ምን አደረግህ?»

አባ ብልጭ ጉሮሮውን ጠረገ። ከመስኮት ማዶ ግን ድምፅ ቀደመው።

«ጭንብሉን አድርጎ፣ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ ያይ ነበር! እንደ ቴሌቪዥን!»

ልጅቱ ወደ መስኮቱ አየች። ወደ ሚስማሩ፣ ወደ ጭንብሉ አየች። ወደ አባቷ አየች። ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። ሳቋ ሲያመልጣት ወንበሩን ይዛ ነው የቆመችው። አማቹ ተከተላት፤ ትን አለው፤ ጀርባውን አባ ብልጭ ራሱ ደበደበለት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም።

እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«የፈራሁት መሳሳትህን አልነበረም፣ አባዬ። ተሳስተህ ሳታውቀው እንዳይቀር ነው የፈራሁት። አሁን አንተ ነህ ያስቆምከው። ዝም ብትል ኖሮ ጥፋቱን የምታላክክበት ሌላ ሰው ታገኝ ነበር።»

«በእሱ?» አለ አማቹን እያየ። «ድንቼን ባመሰገነው ሰው?»

«እዚሁ ኑር» አለች። «ግን እሑድ እሑድ ምሳ አንተ ጋ ነው።»

«ዓሣ ይሁን» አለ አማቹ።

ከሰዓት በኋላ ሲሄዱ አባ ብልጭ ክዳኑን ይዞ ጓሮ ገባ። አናቱ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ በሳ፤ የአምፖል መያዣ አሰረበት፤ ማንጠልጠያ በየደለት። በጭንብሉ ውስጥ ሆኖ ያፏጭ ነበር። ከዚያ አጥሩን ዞሮ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደና ከማሽኗ በላይ ሰቀለው።

አበራችው። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የተቆረጠውን ጨርቅ ሁሉ ነጥብ ነጥብ አደረገው።

«ይኼ ደግሞ ብልጭ ይልብኛል?»

«ብልጭ አይልም። በቦታው ገብቷል።»

«እንግዲህ ዞር በልልኝ፤ ሥራ አለብኝ» አለችና ማሽኗን ረገጠች።

አባ ብልጭ ግን በርጩማ ሳበ።